የቡናማው ወረቀት ዕቅድና የአባ አድማሱ መርዶ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን በቦታዬ የተተካችው ልጅ፣ ካርሜ ጋት በተባለው ሰፈር ካሉት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ የምትኖር ቀልጣፋ ሴት፣ ጉባኤ እንዴት እንደምታዘጋጅ በስልኳ አሳየችኝ። ተጋባዡ፣ ወንበሩ፣ ምግቡ፣ ተናጋሪው ሁሉ እዚያች መስታወት ውስጥ አለ። ጣቷን ስታሳርፍበት ቀለሙ ይለወጣል። «እርስዎ በምን ነበር የሚሠሩት?» አለችኝ። «በመጠቅለያ ወረቀት» አልኋት። ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ትንሽ ቅር አለኝ። በዚያ ወረቀት የሠራሁት ሥራ አንድ ቀን ብቻ አሳፍሮኛል፤ የቀረውን ዘመን ሁሉ አኩርቶኛል። ሁለቱንም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከጎንደር በእግር ወጥቼ በሱዳን በኩል ነው። በኢንዱስትሪው ቀጠና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ በአንዱ ተቀጠርሁ። ሥራዬ በሽመና መኪናዎቹ መካከል እየተመላለሱ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። አባቴ ሸማኔ ስለ ነበር ክር አያስቸግረኝም። የተበጠሰውን ክር በጊዜ ካላየኸው ጥፋቱ የሚታይህ ጨርቁ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይህን እዚያ ተማርሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፣ ክፍያውም አይከፋም፤ ጆሮዬ ግን በጩኸቱ ደነዘዘ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ወገኖቻችን ከተማይቱን ሲሞሏት፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ጀመረ። ማትናስ የምንለው የሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል እኔን ወሰደኝ። በወረቀት የግማሽ ቀን ሠራተኛ ነኝ፤ በእግሬ ግን የሁለት ሰው። ሥራዬ ዩም ዒዩን ማዘጋጀት ሆነ፤ ነርሶች፣ አስተማሪዎችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ከየቢሯቸው ወጥተው አንድ ቀን ሙሉ በአንድ ጉዳይ የሚማማሩበት ጉባኤ ነው። በዚያን ጊዜ ጉዳያቸው እኛ ነበርን።

ሥራውን ያስተማረችኝ ዛሃቫ ናት። በልጅነቷ ከሞሮኮ የመጣች፣ ድንኳን ውስጥ ያደገች፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። በእኛ ደንብ አንቱ ልላት የሚገባ ነበረች፤ ዕብራይስጥ ግን ለንጉሥም አንተ ስለሚል እንደ እኩያዬ ስጠራት ኖርሁ።

እኛ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንላለን። ዛሃቫ የምትጀምረው ከጫፉ ነበር። ከፋብሪካ የተረፈ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ታመጣና ከቢሮው ግድግዳ ዳር እስከ ዳር ትለጥፈዋለች። መጀመሪያ የምትጽፈው የመጨረሻውን ነገር ነው፤ «የመጨረሻው እንግዳ አውቶቡስ ላይ ወጣ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይህ እንዲሆን ከእሱ በፊት ምን መሆን አለበት?» ትለኛለች። ምስጋና ተነግሮ። ከዚያ በፊትስ? ጥያቄ ተጠይቆ። እንዲህ እያልን የኋሊት ስንራመድ ዛሬ ላይ እንደርሳለን። ከፊት የሚጀምር ሰው መክፈቻውን ያሳምርና መዝጊያው ላይ ይደክመዋል፤ እንግዳ ደግሞ ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው መዝጊያውን ነው ትል ነበር።

እሷ የእንግዶቹንና የአዳራሹን ጉዳይ በዕብራይስጥ ከቀኝ ትጽፋለች፤ እኔ የእኛን ሰዎች ጉዳይ በአማርኛ ከግራ እጽፋለሁ። ወረቀቱ መካከል ላይ እንገናኛለን። እዚያ ስንደርስ ብዙ ጊዜ እንጣላ ነበር። እሷ ለአንድ ሽማግሌ ሩብ ሰዓት ሰጥታ ስትመጣ፣ እኔ ሽማግሌው ለሰላምታ ብቻ ያን ያህል እንደሚፈልጉ እያስረዳሁ ከወዲህ እመጣለሁ። ሁሉም ነገር በእርሳስ ይጻፋል። እስክሪብቶ የሚነካው የተረጋገጠ ነገር ብቻ ነው።

አዳራሹ ሲዘጋጅ ደግሞ ብቻዋን ትገባና መጥፎ መጥፎዎቹን ወንበሮች እየመረጠች ትቀመጣለች፤ ከምሰሶው ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ዐይን ከሚወጋበት መስኮት ፊት። «እዚህ የሚቀመጠው ሰው ምን ያያል?» ትላለች። ምንም የማያይ ከሆነ ወንበሩ ይነሣል። የማትናሱ ሥራ አስኪያጅ ንግግር የሚወድ ሰው ስለ ነበር የእሱን ሰላምታ ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ታስገባዋለች። የተራበ ሕዝብ ፊት ማንም አያንዛዛም፤ ተናጋሪውንም ይርበዋል።

እኔም ያስተማርኋት ነገር አለ፤ ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን። የእኛን ሽማግሌ በፖስታ አትጠራም። ቤቱ ሄደህ፣ ተቀምጠህ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቀህ ነው የምትጠራው። «እሺ» ቢልህም ገና ነው፤ የመጀመሪያው እሺ አንተን ላለማሳፈር የተነገረ ነው። ከሰነበትህ በኋላ ተመልሰህ ሁለተኛውን እሺ ትወስዳለህ። የመጀመሪያው እሺ በእርሳስ፣ ሁለተኛው በእስክሪብቶ ይጻፋል። ይህን ከጀመርን ወዲያ ባዶ የቀረ የሽማግሌ ወንበር አላየንም።

አሁን ወደ ክፉዋ ቀን ልምጣ።

አባ አድማሱ በሰፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው «ሂዱ» ካሉ ሰው ወደ ክሊኒክ ይሄዳል፤ «ተዉት» ካሉ ይቀራል። በዚያን ጊዜ እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ማምጣት ፈርተው ስለ ነበር፣ ነርሶቹ ከእሳቸው አፍ እንዲማሩ ብለን ጠራናቸው። ሁለቱንም እሺ ሰጥተውናል። መድረኩን የምትመራው ዮና ነበረች፤ ከከተማው ክሊኒኮች የአንዱ ዋና ነርስ፣ ልበ ገርና እንባዋ ቅርብ የሆነ ሴት።

ጠዋት ወንበር ስደረድር የአባ አድማሱ ሚስት ወንድም መጣና ወደ ጥግ ጠራኝ። ከጎንደር ተደውሏል፤ የሽማግሌው ታናሽ ወንድም አርፏል። ዘመድ ከአሽዶድና ከኔታንያ እስኪሰበሰብ መርዶው ለነገ ንጋት ተቀጥሯል።

«ታዲያ ከንግግሩ እናስቀራቸው?» አልሁት።

«ምን ብለን? እንዲያማ ከሆነ ይጠረጥራሉ። ተዋቸው፤ ሥራ ይዟቸው ይዋል» አለኝ።

ልክ ነበር። እኔም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ዮናን ለብቻዋ ጠራሁና «የአባ አድማሱ ወንድም ሞቷል። ዛሬ ሰዓት አታጥብቢባቸው» አልኋት። ዐይኗ እንባ ሞላ። እጄን ጨብጣ ወደ መድረኩ ሄደች። ለዛሃቫም ይህንኑ ነገርኋት።

አባ አድማሱ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ለማስተርጎም ከጎናቸው ሆንሁ። ተራቸው ሲደርስ ዮና ማይክሮፎኑን ይዛ በዕብራይስጥ ተናገረች። ቀጣዩ እንግዳችን ወንድማቸውን በሞት አጥተዋል፤ ሐዘናቸውን ይዘው ስለ መጡልን እናመስግናቸው፤ ለወንድማቸውም መታሰቢያ እንነሣ አለች። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ለክብርዎ ነው የተነሡት» አልሁ።

አባ አድማሱ ፈገግ አሉ። ቀስ ብለው ተነሥተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ለሕዝቡ እጅ ነሡ። በዚህ መካከል ከኋላ ወንበር ዕብራይስጥ የምትሰማ፣ መርዶውን ግን ያልሰማች የእኛ ሴት ዋይታዋን ለቀቀችው። ሽማግሌው እንደ ጎነበሱ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ማንኛው?» አሉኝ።

«ታናሽዎ» አልሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርዶ ነጋሪው እኔ ሆንሁ፤ በአደባባይ፣ በቀትር፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ባዕድ እያየ። ዮና ምን እንደ ሆነ ሳይገባት ማይክሮፎኑን እንደ ጨበጠች ቆማ ቀረች። ዛሃቫ ብቻ ተንቀሳቀሰች። መጀመሪያ ማይክሮፎኑን አጠፋች፤ የሰውየው ልቅሶ በድምፅ ማጉያ እንዳይሰማ። ቀጥላ የጎኑን በር ከፈተች፤ በሕዝቡ መካከል እንዳያልፉ። እኔ እንደ እንጨት ደርቄ ሳለሁ እሷ አሁንም ሥራዋን እየሠራች ነበር።

በሰፈሩ «መርዶ በማይክሮፎን» የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን እችለው ነበር። ያልቻልሁት ሌላ ነው፤ የእኛ ሰው ዮና ክሊኒክ መሄድ አቆመ። ክትባታቸውን ሊጨርሱ የነበሩ ሕፃናት እንኳ ቀሩ። የአንድ ዓመት ልፋታችን በአንድ ቀን ፈረሰ። ለዛሃቫ ወደ ሽመናው መኪና እመለሳለሁ አልኋት።

«ትመለሳለህ» አለችኝ። «መጀመሪያ ግን የት ላይ እንደ ተበጠሰ አሳየኝ።»

ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከጫፉ ጀምረን ወደ ኋላ ሄድን። በሩ፣ ልቅሶው፣ የዮና ንግግር፣ ጠዋት እኔና ዮና የተነጋገርነው።

«ምን አልኻት?»

«ወንድማቸው ሞቷል አልኋት።»

«እሱ አለማወቁንስ ነገርኻት?»

«አልነገርኋትም።» ነገሩ ይነገራል ብዬ አስቤው አላውቅም። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ወደ ጥግ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእገሌ ወንድም ሞቷል» ካለህ፣ እገሌ እንዳልሰማ ታውቃለህ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንተም ከመጋረጃው በስተኋላ ነህ። ለዚህ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

«እኔም ብሆን እንደ ዮና አደርግ ነበር» አለች ዛሃቫ። «ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን የገዛ ወንድሙን ሞት ሰውየው አያውቅም ብዬ እንዴት ላስብ?»

ከዚያ ማስመሪያ አንሥታ በወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ አዲስ ዓምድ አሰመረች። በዓምዱ ራስ ላይ እሷ በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ ጻፍን፤ «ማን ምን ያውቃል? ማን ገና አያውቅም?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለዚያ ዓምድ ያዘጋጀነው ጉባኤ የለም። የአዳራሽ ለውጥ ይሁን፣ የተሰረዘ ተናጋሪ ይሁን፣ የተደበቀ ሽልማት ይሁን፣ በዚያ ዓምድ ያልፋል። በጎረቤት ከተሞች የሚሠሩ ባልደረቦቻችን መጥተው ሲቀዱት ደስ አለኝ፤ ከአንዲት ክፉ ቀን የወጣ ነው ብዬ ግን ለሁሉም ነግሬአለሁ።

የሐዘኑ ሰባት ቀን ሳያልቅ ሦስታችን አባ አድማሱ ቤት ሄድን። ዮና አበባ ገዝታ መጥታ ነበር፤ መኪና ውስጥ አስቀረሁት። «ምንም አትያዢ። ግቢና ተቀመጪ» አልኋት። ገብታ ተቀመጠች፤ አለቀሰችም።  በኋላ አባ አድማሱ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞሩ።

«እናንተስ መርዶን እንዴት ነው የምትነግሩ?»

«ሐኪሙ ቢሮው ጠርቶ ይነግረዋል» አለች ዮና፤ እኔ እያስተረጎምሁ። «ሰውየው ሩቅ ከሆነ በስልክ።»

«ከማን ጋር ሆኖ?»

«ብቻውን። የእሱ ጉዳይ ነው፤ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው መስማት የለበትም። ለክብሩ ብለን ነው።»

«ብቻውን» አሉ አባ አድማሱ። «ሲወድቅ ማን ይይዘዋል?»

 ሁለቱን ቋንቋ በአንድ አፌ ሳመላልስ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለእነሱ ክብር ማለት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ማወቅ ነው። ለእኛ ክብር ማለት ከሰው ሁሉ በኋላ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ሲቆምልህ ማወቅ ነው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሁላችንም ሽማግሌውን ልናከብር ነበር የፈለግነው።

ልንወጣ ስንነሣ አባ አድማሱ በስሜ ጠሩኝ። «አለልኝ፣ ስማ። ጠርታችሁኝ ሳልናገር ሰደዳችሁኝ። ንግግሬ እንዳለ ነው።»

«ይመጣሉ እንዴ?»

«ተዝካሩ ይውጣና። መድረኩን ግን ያችው ሴት ትምራው። ሌላ ካመጣችሁ እኔ የለሁበትም፤ እሷ በሰው ፊት እንዳፈረች መቅረት የለባትም።»

ከተዝካሩ በኋላ ሁለተኛውን እሺ ልወስድ ስሄድ ገና በሩ ላይ ሳሉ ሳቁብኝ። «ሁለተኛዋን እሺ ልትወስድ መጣህ? ከማን የተማርኸው መሰለህ?» አሉኝ። በዕቅዱ ላይ ስማቸውን በእስክሪብቶ ጻፍሁ።

ሁለተኛው ጉባኤ በሥራ ዘመኔ ካዘጋጀኋቸው ሁሉ የላቀው ነው። ወንበር ሞልቶ ሰው በግድግዳ ዳር ቆመ። ዮና ድምፅዋ እየተሰበረ ባለፈው ምን እንደ ሆነ ራሷ ተናገረችና ቦታውን ለቀቀችላቸው። አባ አድማሱ ስለ መርዶ ተናገሩ። በንጋት ይሁን፤ ሰውየው የዚያን ቀን ብርሃን በሙሉ እንዲያገኝ፣ ከሌሊት ጋር ብቻውን እንዳይታገል። የሚነግረው ሰው ፊት ለፊት አይቆምም፤ ጎኑ ይቀመጣል። ብርቱ ሰው ከኋላ ይሁን። የልጆቹን ነገር አንድ ሰው ይያዝ። በሽተኛ ከሆነ ከዋዜማው ደኅና አድርጎ ይብላ፤ ለሥራ ቦታውም የሚናገር ሰው ይመደብ። ነርሶቹ ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ። ዛሃቫ ከምሰሶው ኋላ ካለችው መጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በዕረፍቱ ሰዓት መጥታ «ይህ ሰው ከጫፉ ነው የሚያቅደው» አለችኝ፤ ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ከሰዓት በኋላ በየጠረጴዛው ተከፋፍለን ሥርዓቱን አበጀነው። የክሊኒኮቹን ሕግ የሚጥስ ነገር አልነበረበትም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ «ክፉ ወሬ ቢመጣ በማን በኩል ይነገረን» ብሎ ገና በደኅናው ቀን አንድ ሰው ይመርጣል። ወሬው ሲመጣ ነርሷ ለዚያ ሰው ትደውላለች፤ የተቀረውን እኛ እናውቅበታለን። በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ቋንቋ ጽፈን በከተማው ክሊኒኮች ለጠፍነው። አባ አድማሱ በማግሥቱ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በእግራቸው ዮና ክሊኒክ ሄዱ። በሳምንቱ የእናቶቹ ሰልፍ ወደ ደጅ ወጣ።

በዓመቱ ገደማ ለአስተማሪዎች ጉባኤ አዳራሹን ስናዘጋጅ ዋልን። ዛሃቫ ስለ ወንበሮቹ አደራደር ተጣላችኝ፤ እኔም አልተውኋትም። ምሳ አብረን በላን፤ ጨምር፣ ብላ እያለች ሰሐኔን ሞላችው። ዮና ደውላ ስለ ስም መለጠፊያው ጠየቀችኝ። አባ አድማሱን ወደ ቤቴ ስገባ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ስለ ዝናቡ ትንሽ አወሩኝ።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። አባ አድማሱ ናቸው። ይግቡ ሳልላቸው ገብተው ሶፋው ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። የአጎቴ ልጆች ከኔታንያ መጥተዋል፤ ትልቁ ከኋላዬ ቆመ። ዮና የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ በሩ አጠገብ አለች። የልጆቼን ክፍል አንድ ሰው ቀስ ብሎ ዘጋው። ዛሃቫ ከሁሉም ኋላ፣ ደረጃው ላይ ነበረች። ማንም ገና ምንም አላለም፤ እኔ ግን ማን የት እንደ ቆመ አይቼ አወቅሁ።

«እናቴን ነው?» አልሁ። እናቴ አገር ቤት ሆና ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ ትጠብቅ ነበር።

«እናትህን ነው፣ ልጄ» አሉና እጄን ያዙ። ስወድቅ የያዘኝ አለ።

ሐዘኑ ሲያልፍ ሥራ ገብቼ ዛሃቫን ከመቼ ጀምሮ ታውቅ እንደ ነበር ጠየቅኋት። ከዋዜማው ጠዋት ጀምሮ አለችኝ፤ ሁላቸውም ያውቁ ነበር። የዚህ ነገር ባለሙያ ነኝ የምለው እኔ ቀኑን ሙሉ በመካከላቸው ስመላለስ ውዬ ምንም አልጠረጠርሁም። ዛሃቫ ደግሞ ውሸት የማይሆንላት ሴት ናት፤ የባልደረባን አዲስ ልብስ ካልወደደችው እንኳ ፊቷ ይናገርባታል። ያን ቀን ግን እየሳቀች፣ እየተጣላችኝ፣ እያጎረሰችኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዋሸችኝ። ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ የምስጋና ወረቀቶች ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ እኔን የሚያኮራኝ ግን ያ ውሸቷ ነው።